ከቲፑ ጋር የምትመጣው ቃል

መቀስ የሚሏት ፀጉር ሠሪ ስለሆነች እንዳይመስላችሁ። ስሙ የወጣላት ለምላሷ ነው። ገና ፀጉር አጣቢ ሆና በተቀጠረች በሦስተኛ ወሯ አንዲት ደንበኛ «ይኼ ፀጉሬ ለምንድን ነው እንዲህ የሚረግፈው?» ብትላት፣ «ከእርስዎ ጋር መኖር ሰልችቶት ይሆናላ» ብላ መለሰችላት። የዚያን ዕለት ልትባረር ነበር፤ ሴትዮዋ ራሷ ሆዷን ይዛ ስለሳቀች ተረፈች። ስሙም እዚያው ተለጠፈባት።

ይህችው መቀስ ናት እንግዲህ ከአሥራ አንድ ዓመት ቅጥር በኋላ የራሷን ፀጉር ቤት የከፈተችው። ሁለት ወንበር፣ አንድ መታጠቢያ፣ ራስ ላይ ተደፍቶ ፀጉር የሚያደርቅ አንድ ካስክ፣ እና አንዲት ሠራተኛ። ሠራተኛዋ ደግሞ የአባቷ እህት ናት። አክስቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ ስታጥብና ስትጨምቅ ኖራ ጡረታ ወጣች፤ ቤት መዋል ሲያሳብዳት «የወንድሜ ልጅ፣ ማጠብ እንደሆነ ማጠብ ነው፤ ጨርቅ ሆነ ራስ ምን ለየው?» ብላ ሽርጧን በፌስታል ይዛ መጣች።

በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በሩ ከተከፈተ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ፣ እትዬ አዋላጅ ከች አሉ።

እትዬ አዋላጅ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልጅ ሲቀበሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ሙቀት ሆነ ብርድ ግራጫ ካፖርታቸው የማይለያቸው ሴት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ ሳይዘሉ ራሳቸውን ለመቀስ ሰጥተዋል። አሮጌው ፀጉር ቤት ከደጃፋቸው ሁለት እርምጃ ነበር፤ ወደ አዲሱ ለመምጣት ግን አውቶቡስ መያዝ ግድ ነው። መቀስ ከመስኮቱ ሆና ፌርማታው ላይ ሲወርዱ ስታያቸው ሮጣ በሩ ላይ ተቀበለቻቸው።

ታጠቡ፣ ተጠቀለሉ፣ ካስክ ውስጥ ገቡ፣ ተበጠሩ። ሒሳባቸውን ከፈሉ። ቦርሳቸውን ቀጭ አድርገው ዘጉ። ከወንበሩ ብድግ ብለው «በይ ደህና ዋይ፣ ወይዘሪት» አሉና ወጡ።

መቀስ የሽርጧን ኪስ በሁለት ጣቷ ከፈት እንዳደረገች ቀረች።

ለምን ኪሷን እንደከፈተች ለማወቅ አሥራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። መቀስ ሥራ በጀመረችበት ቀን የመጀመሪያዋ ደንበኛ እትዬ አዋላጅ ነበሩ፤ በፍርሃት ብዛት የሞቀውንና የቀዘቀዘውን ቧንቧ አምታትታ ጆሮአቸውን ቀቀለችው። ሴትዮዋ አልጮኹም። ሲጨርሱ ግን ወደ እሷ ጠጋ ብለው አንዲት የተጣጠፈች ኖት ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተቱ፤ ከዚያም አፋቸውን ጆሮዋ ላይ አድርገው፣ «ይኼ ለውሃው አይደለም፣ ለድንጋጤሽ ነው። ሁለተኛ ውሃውን በእጅሽ አትለኪ፤ እጅሽ ለምዶታል፣ ይዋሽሻል። በክርንሽ ለኪው። እኛ የጨቅላ ገላ ስናጥብ እንደዚያ ነው» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ኖቷ ኪስ ትገባለች፣ ቃሏ ጆሮ ትገባለች። «ኋላውን ረስተሽዋል፤ ሰው እኮ ሲሄድም ይታያል።» «ዛሬ አፍሽ ሲሮጥ እጅሽ ሰነፈ።» «ቀኙ ከግራው ዝቅ ብሏል፤ ቤቴ ስገባ ኮፍያ ያደረግሁ ነው የሚመስለኝ።» አንድ ቀን ደግሞ ብዙ አስበው አስበው «ዛሬ ምንም አልልሽም» አሏት። መቀስ የዚያን ዕለት ጓዳ ገብታ ከመጥረጊያው ጋር ጨፈረች።

መቀስ የፀጉር ሥራ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። የሠለጠነችው በጆሮዋ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ሌሎቹ ደንበኞች ወይ «ተባረኪ» ይሏታል፣ ወይ አኩርፈው ይቀራሉ። እውነቱን የሚነግሯት እኚህ አንድ ሰው ነበሩ። እና አሁን፣ የራሷ መስታወት ፊት፣ የራሷ ስም በተጻፈበት በር ሥር፣ ኖቷም የለችም፣ ቃሏም የለችም። «አንቺ ልጅ» መባሏም ቀርቶ ወይዘሪት ሆናለች።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ ሐውልት የተገተርሽው?» አለች አክስቷ።

«ምንም።»

ምሳ ሰዓት ላይ ዶፍ መጣ። ዶፍ ከገበያው ማዶ ካለ ምግብ ቤት ቴካዌይ በሞተር የሚያደርስ ትከሻ ሰፊ ሰውዬ ነው። ስሙን ያወጣችለት መቀስ ናት፤ እሱ ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር ሰማዩ ይቀደዳል። የዚያን ዕለትም ከቅንድቡ ውሃ እየተንጠባጠበ ሁለት ሾርባና ሁለት ሩዝ አስረከበ።

በቲፕ ጉዳይ መቀስ የራሷ ሕግ አላት። ፀሐይ ከሆነ ሒሳቡን ማጠጋጋት ይበቃል። ዝናብ ከሆነ እጥፍ። ሾርባ ካለበት ትንሽ ይጨመራል፤ ሾርባ ይዞ ሞተር መንዳት ቀልድ አይደለማ። ራሷ ሄዳ ምግቡን ብታነሳ እንኳ ቲፕ ሳትሰጥ አትወጣም። ሰው «ራሴ ተሸክሜው ለሄድኩት የምን ቲፕ?» ይላል፤ መቀስ ግን ክዳኑን በላስቲክ ጠፍራ ያሰረችውን ሴት ታያለች። ያ ላስቲክ ባይኖር ሾርባውን የሚጠጣው ፌስታሉ ነበር።

«የማድረሻውን ከፍለሻል አይደል?» አለች አክስቷ ዶፍ ገንዘቡን ኪሱ ሲከት እያየች። «ምን ሁለተኛ ያስከፍልሻል?»

«ያ የድርጅቱ ነው፣ አክስቴ። ይኼ የእሱ ነው።»

«እሰይ! እኔ ሠላሳ ዓመት አንሶላ ሳጥብ ማን ሰጠኝ? እንግዳው ትራሱ ሥር ይተዋል፤ የምታነሳው አልጋ አንጣፊዋ! ያነጣሁት እኔ፣ የተመረቀችው እሷ!»

ዶፍ ሳቀ። «እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ሌላ ቤት ስሄድ ሾርባው ሾርባ ነው። እዚህ ስመጣ ግን እንደ ጨቅላ ነው የማቅፈው» ብሎ ወጣ።

ይህቺ አነጋገር መቀስ ላይ ተጣበቀች። ደስ ያለው ሰው ይሰጣል፤ የተሰጠው ሰው ይጠነቀቃል። እንግዲህ ያልሰጠው ሰው? ደስ አላለውማ። አንድ ነገር አበላሽቻለሁ ብላ ደመደመች፤ ምን እንደሆነ ግን አልመጣላትም።

ለሁለተኛው ቅዳሜ እንደ ፈተና ተዘጋጀች። ማበጠሪያዎቹን በሙሉ አዲስ ገዛች። ቢጎዲኖቹን፣ ማለትም ፀጉር የሚጠቀለልባቸውን ቱቦዎች፣ አንድ በአንድ በሳሙና ፈተገች። እትዬ አዋላጅ ከተቀመጡ በኋላም እጥፍ ሰዓት ወሰደችባቸው፤ ኋላውን በሁለት መስታወት ሦስት ጊዜ አየችው። ሲያልቅ ራሷ እንኳ «ምን ይወጣለታል?» አለች በልቧ።

ሴትዮዋ ከፈሉ። ብድግ አሉ። ቦርሳው ቀጭ አለ።

መቀስ ለካፖርታቸው ወደ ማንጠልጠያው ዞር ብላ ስትመለስ ግን ዓይኗን ማመን አቃታት። እትዬ አዋላጅ መታጠቢያው ጋ ቆመው፣ አንዲት የተጣጠፈች ኖት የአክስቷ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ከትተው፣ አፋቸውን ወደ አክስቷ ጆሮ አስጠግተው አንድ ነገር እያሉ ነው! አክስቷ እንደ አዲስ ሙሽራ መሬት መሬት ታያለች።

በሩ ሲዘጋ መቀስ «ምን አሉሽ?» አለች።

«የእኔና የእሳቸው ነገር ነው።»

«አክስቴ!»

«ምን አክስቴ አክስቴ ትያለሽ? በሃምሳ ስምንት ዓመቴ አንድ ሰው ሹክ ቢለኝ አንቺን ምን ነካሽ?» ብላ ኪሷን በመዳፏ ሸፈነች። ከሰዓት በኋላ ሙሉ፣ ፎጣ ስታጥፍም ወለል ስትጠርግም፣ እጇ ወደዚያች ኪስ ይሄድ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን መቀስን አንጀቷን ይበላት ነበር። የዚያን ዕለት ግን አንጀቷ በቅናት ተይዟል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠቅልላ አድርቃ ያበጠረችው እሷ፤ የተመሰገነው ሻምፑው!

ሦስተኛው ቅዳሜ ሲደርስ መቀስ አንድ ሐሳብ ቆርጣ ነበር። እትዬ አዋላጅ ቅር ብሏቸዋል፤ ቅሬታቸውን ደግሞ አይናገሩም። እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አታስከፍላቸውም። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ይህ ምን ይበዛል?

ጠዋቱን ሙሉ አልተናገረችም። መቀስ ዝም ስትል ቤቱ ይጨንቀዋል፤ አክስቷ እንኳ ቧንቧውን ቀስ አድርጋ ከፈተችው። በቀኝ በኩል ሰባት ቢጎዲን ጠቀለለች፣ አንዱን ማጅራታቸው ላይ አሰረች፣ ወደ ግራው ስትዞር ግን ሆዷ አልችል አለ።

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሒሳብ አይከፍሉም።»

በመስታወቱ ውስጥ የሴትዮዋ ፊት ቅጭም አለ። «ለምን?»

«እንዲያው... እርስዎ ቤተሰብ ነዎት።»

«ቤተሰብ ከሆንኩማ ከሰው አስበልጬ ነው መክፈል ያለብኝ! ሱቅ ከፍተሽ ቤተሰብ ካልከፈለሽ ማን ሊከፍልሽ ነው?»

«እኔ እኮ ለክብርዎ ብዬ...»

«ለክብሬ! ጡረተኛ ናት፣ አውቶቡስ እየቆጠረች ነው የምትመጣው፣ ይቅርላት ብለሽ ነዋ!»

«ኧረ በፈጠረዎት!»

ኋላማ ማንም አልያዛቸውም። ፎጣው ትከሻቸው ላይ እንዳለ፣ በቀኝ ሰባት ቢጎዲን እንደቆመ፣ በግራ እርጥቡ ፀጉር እንደተንጠለጠለ፣ ቦርሳቸውን አንስተው በሩን በርግደው ወጡ።

«ሴትዮዋን አሳበድሻት!» አለች አክስቷ።

መቀስ ካፖርቱን ከማንጠልጠያው መንጭቃ፣ ማበጠሪያ ጥርሷ መካከል እንደያዘች ተከተለቻቸው። እትዬ አዋላጅ ዕድሜያቸውን ጥለው መንገዱን ሲያቋርጡ ዶፍ ከማጠፊያው ብቅ አለ፤ ሞተሩን ሲጥ አድርጎ አቆመና ፌስታሉን በሁለት እጁ ወደ ሰማይ አነሳው።

«ሾርባው!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላ የሚለው ስለጠፋው።

እትዬ አዋላጅ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በዚያው ቅጽበት አውቶቡስ መጣ። ሾፌሩ በሩን ከፈተ፣ ቢጎዲኖቹን አየ፣ ማበጠሪያ የነከሰችውን ሴት አየ፣ ምንም ሳይናገር በሩን ዘግቶ ሄደ።

መቀስ ማበጠሪያውን ከአፏ አወጣች። «እሺ፣ ይሳደቡ። ብቻ ምን እንዳጠፋሁ ይንገሩኝ።»

«ምን አጠፋሽ? በነፃ ልሥራዎት አልሽኝ፤ አይበቃም?»

«ከዚያ በፊት! ሁለት ቅዳሜ ሙሉ! ለአክስቴ ኪሷ ውስጥ ከተቱ፣ እኔን ግን እንደ ባንክ ቤት ሰው ከፍለውኝ፣ ወይዘሪት ብለውኝ ወጡ። ማጠቡ ከመሥራቱ በልጦ ነው? እጄ ተበላሽቷል? ከሆነ ይንገሩኝ!»

እትዬ አዋላጅ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። ንዴቱ ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«አንቺ ልጅ» አሉ፤ እሷም ይህችን ቃል ስትሰማ አጠገባቸው ቁጭ አለች። «አንቺ እኮ ባለቤት ነሽ። ለባለቤት ቲፕ ይሰጣል እንዴ?»

«ማን ነው አይሰጥም ያለው?»

«እኔ ነኛ! ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ትሰጫለሽ፤ ባለቤቱን ግን በሙሉ ዋጋ ከፍለሽ፣ ብድግ ብለሽ ተሰናብተሽ ትወጫለሽ። ይኸው ነው። እኔ ወጣት አዋላጅ ሳለሁ ቤተሰቡ ሳሙናም፣ ብስኩትም፣ መሐረብም ኪሴ ውስጥ ሸጎጥ ያደርግ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ የሆንኩ ዕለት ቀጥ አለ። አንድ ሳምንት ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ጠሉኝ ብዬ። በኋላ ሳይ፣ ለካ እኔ ስገባ ሁሉም ከወንበሩ ይነሳል። ለአንቺ ደግሞ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በዚህ ጉልበቴ ብድግ አልኩልሽ፤ አንቺ የምታይው ኪስሽን!»

መቀስ ማበጠሪያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ፣ «ኪሴን አይደለም» አለች። «ገንዘቡ ገደል ይግባ። ጆሮዬን ነው የከለከሉኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥሩ ልሥራ መጥፎ ልሥራ አላውቅም። ሌላው ሰው ሁሉ ተባረኪ ነው የሚለኝ።»

«እና በሠራተኛሽ ፊት ኋላውን አበላሸሽው ልበልሽ? ቲፑ እኮ ሰበብ ነበር። እጄ ኪስሽ እስኪደርስ አፌ ጆሮሽ ጋ ይደርሳል። አሁን ሰበቡን ከየት ላምጣው?»

ነፋስ ነፈሰ። የእትዬ አዋላጅ እርጥብ ፀጉር ጉንጫቸው ላይ ተለጠፈ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። መቀስ ካፖርቱን ዘረጋች። «ይልበሱ፤ ብርዱ እኔን ነፍሰ ገዳይ ሊያደርገኝ ነው» ብላ እጃቸውን በእጅጌው አስገባች፤ ከዚያ ኮሌታውን ለማቃናት ጎንበስ አለች። በዚህ ጊዜ ጆሮዋ አፋቸው አጠገብ ደረሰ።

«ዛሬ ተናደሽ ጠቅልለሽ» አሉ ሹክ ብለው፣ «ሦስቱን ቢጎዲን እንደ ማሰሪያ ገመድ አጥብቀሽብኛል። ዓይኔ ሊጨፈን አልቻለም።»

መቀስ ኮሌታውን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ፈገግታው ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ፊቷን ሞላው።

«ካፖርቱን ከእንግዲህ እኔ ነኝ የማለብስዎት።»

«በሙሉ ዋጋ?»

«በሙሉ ዋጋ። አንድ ሳንቲም አልቀንስም።»

«እንዲህ ነው እንጂ» ብለው እጃቸውን ዘረጉላት፤ ደግፋ አነሳቻቸው።

ዶፍ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ፌስታሉን ታቅፎ፣ ከአክስቷ ጋር ጎን ለጎን ቆሞ ትርኢቱን ሲከታተል ነበር። መቀስ ክዳኖቹን አንድ በአንድ ከፍታ አየች። ኖቷን ስትሰጠው፣ እንደወትሮው ዝም ብላ አልሰጠችውም፤ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ጠብታ አልፈሰሰም። ማጠፊያው ላይ ግን ቀደም ብለህ ቀንስ፤ አንድ ቀን ሰው ትጨርሳለህ።»

ዶፍ ኖቷንም እሷንም አፈራርቆ አየ። «ይኼኛው ደግሞ ምንድን ነው?»

«ምርቃት!»

አክስቷ ይህን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት። «እኔንም እኮ እንዲሁ ነው ያሉኝ፤ ምርቃት መስሎሽ ስትቃጠይ ከረምሽ!»

«ምን አሉሽ? አሁን ንገሪኝ።»

አክስቷ እትዬ አዋላጅን በዓይኗ ፈቃድ ጠየቀች። እሳቸው ትከሻቸውን ሰበቁ።

«‹ራስ አንሶላ አይደለም፤ አትጭመቂው› ነው ያሉኝ» አለች አክስቷ፤ አባባሏ ግን ሽልማቷን እንደምታሳይ ሰው ነበር።

ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ሣቁ። ከዚያ ግራው ተጠቀለለ፣ የጠበቁት ሦስቱ ላሉ፣ ካስኩ ወረደ፣ ማበጠሪያው ሠራ። መቀስ ምላሷ ተመልሶላት ስለ ሾፌሩ ፊት ሦስት ጊዜ ደጋግማ አወራች፤ በየጊዜው ሾፌሩ ይበልጥ እየፈራ ሄደ።

እትዬ አዋላጅ ሒሳባቸውን ሙሉውን ከፈሉ። ወደ መታጠቢያው ሄደው የአክስቷን ኪስና ጆሮ ጎበኙ። ተመልሰው ወንበሩ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ፤ መቀስ ካፖርቱን ዘርግታ ቀኝ እጃቸውን አስገባች፣ ግራውን አስገባች፣ ኮሌታውን ለማቃናት ጎንበስ አለች።

«ቀኝና ግራው እኩል ነው» አሉ ሹክ ብለው። «ፊት ለፊቱም አምሯል። ኋላውን ግን አሁንም ትረሺዋለሽ፤ አንዱን ቢጎዲንሽን ይዤብሽ ልሄድ ነው።»

መቀስ እጇን ማጅራታቸው ላይ ላከች። እውነትም አንድ ቢጎዲን ፀጉሩ ሥር ተሸሽጎ ተቀምጧል። ቀስ አድርጋ ፈታችው፣ የተፈታውን ፀጉር በጣቷ አስተካከለች፣ ቱቦውንም ሽርጧ ኪስ ውስጥ ጣል አደረገችው። እስከ ፌርማታው ሸኘቻቸው፤ ይህኛው ሾፌር በሩን ሳያመነታ ከፈተ።

ስትመለስ አክስቷ ሾርባውን እያሞቀች ነበር። «ምን አሉሽ?» አለች።

መቀስ ኪሷን በመዳፏ ሸፈነች።

«የእኔና የእሳቸው ነገር ነው።»